የደስታ መልመጃ ምንድን ነው? መስራቱስ በምን ይታወቃል?

ማታ ከመተኛትህ በፊት ዛሬ የገጠሙህን ሶስት ጥሩ ነገሮች ጻፍ፣ ውለታ ለዋለልህ ሰው የምስጋና ደብዳቤ ጽፈህ ፊቱ ቁጭ ብለህ አንብብለት፣ ለአንድ ሰው ሳይጠይቅህ መልካም ነገር አድርግ ምናምን። በቃ የደስታ መልመጃ የሚባለው ይሄ ነው፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ብዙ ሰዓት የማይወስድ፣ ማንም ብቻውን ሊሰራው የሚችል ትንሽ ነገር። ከጀርባው ያለው ሀሳብ ደግሞ የሰው ስሜት ባለው ንብረትና ባለበት ሁኔታ ብቻ አይወሰንም፣ ልቡን የሚጥልበት ነገርም ይለውጠዋል የሚል ነው።

ይሄ ሀሳብ የመጣው ሰው ሁሉን ነገር ስለሚለምድ ነው። አዲስ ስልክ ስትገዛ የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት እንደምትይዘው አስበው፣ ከወር በኋላ እኮ የትም ነው የምትወረውረው። እ.ኤ.አ. በ1978 የስነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ 22 ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸው ሰዎችን ምንም ካልደረሳቸው ጋር ሲያወዳድሩ በደስታ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም፣ እንዲያውም ባለሎተሪዎቹ እንደ ቁርስ መብላትና ከጓደኛ ጋር ማውራት ባሉ ትንንሽ ነገሮች ከሌሎቹ ያነሰ ነበር የሚደሰቱት። (እዚሁ ጥናት ላይ በአደጋ አካላቸው ሽባ የሆኑ 29 ሰዎችም ነበሩ፣ እነሱም እንደ ሌላው ሰው ደስተኛ ሆነው ተገኙ እየተባለ ሲወራ እሰማለሁ ግን ልክ አይደለም፣ ደስታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር፣ ሰው የጠበቀውን ያህል ዝቅ አላለም እንጂ።) እና መልመጃዎቹ የሚሞክሩት ይሄን የለመድነውን ነገር እንደገና እንድናየው ማድረግ ነው።

እሺ ግን ይሰራል ወይ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ "ለሳምንት ሞከርኩት ተሻለኝ" ሲል ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል። እስቲ አስቡት፣ ሰው እንዲህ አይነት ነገር የሚጀምረው መቼ ነው? ሲከፋው ነው። የከፋው ሰው ደግሞ ምንም ባያደርግም ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ይሻለዋል፣ ስሜት ወደ ለመደበት ቦታ ይመለሳላ። በዛ ላይ ይሻለኛል ብሎ መጠበቁ ራሱ ያሻሽላል፣ ደግሞ መጠይቅ ሲሰጠው ለጠያቂው ጥሩ መልስ መስጠት ይፈልጋል። ስለዚህ "ተሻለው" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፣ መጠየቅ ያለበት ከማን ጋር ሲወዳደር ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ነው የስነ ልቦና ተመራማሪው የማርቲን ሴሊግማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣውን ጥናት የምወደው። በኢንተርኔት ያገኟቸውን 577 ሰዎች በእጣ ስድስት ግሩፕ ላይ ደለደሏቸው፣ አምስቱ የተለያየ መልመጃ ለአንድ ሳምንት ሲሰሩ ስድስተኛው ፕላሴቦ (ለማወዳደር ብቻ የተሰጠ የይስሙላ መልመጃ) ነበር፣ ማለትም ማታ ማታ የልጅነት ትዝታ እንዲጽፉ ነው የተነገራቸው፣ እነሱም እንደሌሎቹ የሚረዳ ነገር የሚሰሩ ነው የሚመስላቸው። ከዛ እስከ ስድስት ወር ድረስ ተከታተሏቸው፣ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 411 ናቸው።

ሳምንቱ እንዳለቀ ሲለኩ ፕላሴቦዎቹም ተሽሏቸው ነበር! ሁሉም ግሩፕ ከፍ ብሏል፣ እዛ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ የልጅነት ትዝታ መጻፍም መድሀኒት ነው ይባል ነበር። ልዩነቱ የታየው ቆየት ብሎ ነው፣ ፕላሴቦዎቹ ቶሎ ወደነበሩበት ሲመለሱ ሶስት ጥሩ ነገር ከነምክንያታቸው የጻፉትና ጠንካራ ጎናቸውን በየቀኑ በአዲስ መንገድ የተጠቀሙበት ሰዎች ግን ስድስት ወር ሙሉ ከበፊቱ የተሻለ ስሜት ላይ ቆዩ። የምስጋና ደብዳቤ ይዘው የሄዱት መጀመሪያ ላይ ከሁሉም በላይ ነበር የዘለሉት፣ ውጤቱ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ሶስተኛው ወር ላይ ጠፋ። ለረጅም ጊዜ የጠቀማቸው ደግሞ በዋናነት ሳምንቱ ካለቀ በኋላም ማንም ሳያዛቸው የቀጠሉት ናቸው፣ እኔ ይሄን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሌሎች ተመራማሪዎች ጥናቱን ሲደግሙት አንድ ግሩፕ ጨመሩ፣ ጥሩ ጥሩ የልጅነት ትዝታ ብቻ የሚጽፍ። መልመጃዎቹ ደስታ ጨምረዋል፣ ይሄ ግሩፕም እኩል ጨመረ። ስለዚህ ምናልባት ዋናው ነገር የመልመጃው አይነት ሳይሆን ስለራስ ጥሩ ነገር ማሰብ ራሱ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ደኒጋን ፎክና ኤሊዛቤት ደን በብዛት የሚመከሩትን የደስታ ዘዴዎች ጥናቶች አንድ ላይ ሲፈትሹ አብዛኞቹ በጥቂት ሰው ላይ የተሰሩና እቅዳቸው ቀድሞ ያልተመዘገበ (ማለትም ምን እንደሚለኩ ከመጀመራቸው በፊት በይፋ ያላሳወቁ) ሆነው አገኟቸው፣ እነዚህን ጥለው ከተረፉት ውስጥ ምስጋናና ከሰው ጋር ማውራት የተሻለ ድጋፍ ሲኖራቸው ሜዲቴሽንና ስፖርት ለደስታ ያላቸው ማስረጃ ከሚወራው ያነሰ ነው። ስፖርት ተዉ ማለት አይደለም፣ ለጤና ያለው ጥቅም ሌላ ጉዳይ ነው።

ደሞ ማብዛትም አይጠቅምም። የስነ ልቦና ተመራማሪዋ የሶንያ ሊዩቦሚርስኪ ቡድን ለስድስት ሳምንት ባደረገው ሙከራ ያላቸውን በረከት በሳምንት አንዴ የቆጠሩት ሲሻላቸው በሳምንት ሶስቴ የቆጠሩት ግን አልተለወጡም፣ መልመጃው ራሱ ተለመደና ስራ ሆነባቸው ማለት ነው።

ራሳችሁ ላይ መሞከር ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ መልመጃውን አትጀምሩ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምንም ሳትለውጡ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከ0 እስከ 10 ለስሜታችሁ ቁጥር ስጡ፣ እሱ ነው የናንተ ኮንትሮል፣ ማለትም ማወዳደሪያችሁ። ከዛ አንድ መልመጃ ብቻ ምረጡ (ሁለት ከቀላቀላችሁ የትኛው እንደሰራ አይታወቅም)፣ ሁለት ሳምንት ስሩት፣ ቁጥሩንም ቀጥሉ። ከባድ ድብርት ውስጥ ያላችሁ ግን ይሄ ህክምና አይተካም፣ እባካችሁ ባለሙያ አናግሩ። ሶስት ጥሩ ነገር የመረጣችሁ ስትጽፉ "ቤተሰቤ" ብሎ ማለፍ አይሰራም፣ ለምን እንደሆነም ጻፉ፣ "እህቴ ዛሬ ደወለችልኝ፣ ትናንት ድምጼ ደክሞ ስለሰማችው" እስከሚለው ድረስ። መልመጃውን ስትጨርሱም ቁጥሩን ወዲያው አታቁሙ፣ ቢያንስ አንድ ወር ቀጥሉበት፣ ፕላሴቦዎቹም እኮ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ተሽሏቸው ነበር።