ጎርፍ የሚቋቋም ሩዝ ሲባል፣ የትኛውን ጎርፍ ነው?

«ጎርፍ ይቋቋማል» የተባለ የሩዝ ዝርያ ዘርቶ ወዲያው ማሳውን በውሃ መሸፈን ዘሩን ጭቃ ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸውና።

አንደኛው የበቀለው ተክል ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ሰብ1ኤ የተባለ ዘረመል ያለው ሩዝ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም ወደ ላይ ለመመዘዝ አይጣደፍም፤ እድገቱን ገትቶ ስንቁን ይቆጥባል። ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ ውስጥ ቆይቶም ያገግማል። ሁለተኛው የዘሩ ችሎታ ነው፦ ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር ለውጦ መብቀልና ቡቃያውን ከውሃው በላይ ማድረስ። ሰብ1ኤ ለዚህ አይረዳም። የዘር መግለጫዎች ይህን ለይተው ቢጽፉ ስንት ኪሳራ በዳነ!

ለአረም ቁጥጥር የሚፈለገው ይኸው ሁለተኛው ነው። ብዙ የአረም ዘሮች ያለ ኦክስጅን ስለማይበቅሉ፣ ከዘር በኋላ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ማስተኛት ያፍናቸዋል። ሩዙ ካልቻለው ግን ችግኝ አፍልቶ ማዛወር ይሻላል፤ ችግኙ ቁመት ስላለው ውሃው አይውጠውም።

ሁሉም አረም ግን በውሃ አይሞትም። ኤኪኖክሎዋ ክረስ-ጋሊ የሚባለው ሩዝ መሳይ ሣር እንደ ሩዙ ያለ ኦክስጅን ይበቅላል። ሞኖኮሪያ የሚባለው የውሃ አረምማ ጭራሽ ኦክስጅን ሲያንስ መብቀል ይመቸዋል። በየዓመቱ በውሃ ብቻ የሚታረም ማሳ ቀስ በቀስ ለእነዚህ ይለቀቃል፤ በእጅ ወይም በፀረ አረም መድኃኒት ማገዝ ግድ ነው። አረሙ ቅጠል ካወጣ በኋላ የሚገባ ውሃም ጥቅሙ በእጅጉ ያንሳል።