በጨለማ የሚያዩ አውሮፕላኖች፦ ራዳርና የመጀመሪያዎቹ የሌሊት ተዋጊዎች

እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ የጦር አውሮፕላን ንድፍ የሚጀምረው ከሞተሩ፣ ከክንፉና ከመሣሪያው ነበር። የሬዲዮ መገናኛው በተረፈ ቦታ ይሸጎጣል። ይህን ልማድ የሰበረው፣ የሬዲዮ ሞገድ ልኮ በሚመለሰው ሞገድ ሩቅ ያለን ነገር የሚያገኘው ራዳር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብሪታንያ ሥራውን የመራው ኤድዋርድ ቦወን ነው። የምድሩ ራዳር ማማ ብቻውን ከ100 ሜትር ይበልጥ ነበር። ቦወንና ጥቂት ባልደረቦቹ ያንን ግዙፍ ነገር አሳንሰው አቭሮ አንሰን በተባለ አውሮፕላን ላይ ገጠሙት። በሴፕቴምበር 1937 ባሕር ላይ የነበሩ የጦር መርከቦችን አገኙበት። ድንቅ ሥራ ነው።

በሌሊት አውሮፕላን ማደን ግን ሌላ ጣጣ አለው። በጨለማ የሚበር አብራሪ ስክሪንም ላንብብ ቢል አይሆንለትም። ሁለተኛ ሰው የግድ ነው። ሰው ሲጨመር ደግሞ አውሮፕላኑ ይተልቃል። ብሌንሃይም የተባለው የብሪታንያ አውሮፕላን የተመረጠው ሰፊ ስለሆነ እንጂ ፈጣን ስለሆነ አይደለም። ቢሆንም በጁላይ 1940 በራዳር ተመርቶ አንድ የጀርመን ዶርኒየር አውሮፕላን ጣለ። በአውሮፕላን ራዳር የተገኘ የመጀመሪያው ድል ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። በዚያው ዓመት ባለ አራት መድፉ ቦፋይተር ብሌንሃይምን መተካት ጀመረ።

የራዳር ባለሙያው ከፊቱ ሁለት ትንንሽ ስክሪኖች አሉ። አንዱ ግራና ቀኙን፣ ሌላው ላይና ታቹን ያሳያል። እሱ አጎንብሶ «ትንሽ ወደ ግራ» ይላል። አብራሪው ምንም ሳያይ፣ ቃሉን አምኖ ይዞራል። በ5,000 ሜትር ከፍታ የሚበር ራዳር ከ5,000 ሜትር ርቀት ወዲያ አያይም፤ ከመሬት የሚመለሰው ሞገድ ሁሉን ይውጠዋል። 120 ሜትር አካባቢ ሲጠጉ ደግሞ ምልክቱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ዓይን ብቻ ነው።

ራዳሩ ምስጢር ስለነበር፣ የብሪታንያዊው የሌሊት ተዋጊ አብራሪ የጆን ካኒንግሃም ድል ካሮት በመብላቱ የመጣ ነው ተብሎ ይወራ ነበር። ከኋላው ስክሪኑን ያነብ የነበረው ጂሚ ሮንስሊ ግን ሳይነሳ መታለፍ የለበትም።

ጀርመኖች አንቴናውን በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ እንደ አጋዘን ቀንድ አቆሙት። ነፋስ እየተጋፋ ፍጥነት ቀነሰባቸው። ሶቪየቶችም በ1942 የራሳቸውን ራዳር ፔ-2 በተባለ አውሮፕላን ላይ ገጥመዋል።

ነገሩን የለወጠው፣ አጭር የሬዲዮ ሞገድ በከፍተኛ ኃይል የሚያመነጨው ባለ ክፍተት (ካቪቲ) ማግኔትሮን ነው። ተመራማሪዎቹ ራንዳልና ቡት በፌብሩዋሪ 1940 በርሚንግሃም ውስጥ ሠሩት። ሞገዱ ወደ 10 ሴንቲሜትር ሲያጥር፣ አንቴናው ሳህን ሆኖ አፍንጫ ውስጥ ገባ። በሜይ 1942 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የአሜሪካው ፒ-61 አውሮፕላን ከጅምሩ ለሌሊት ውጊያና ለራዳር ተብሎ ተነደፈ። የራዳር ባለሙያው ወንበርም ገና ከወረቀቱ ላይ ቦታ ተያዘለት።