የግጭ መንደርና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ

ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረ የገበሬዎች መንደር ነው። ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ሲከለል መንደሩ አስቀድሞ እዚያው ነበር፤ ሰው ፓርክ ውስጥ ገባ ከማለት ፓርኩ ሰው ላይ መጣ ቢባል ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የደርግ መንግሥት ከሰሜናዊው ገደል ግርጌ የነበሩ መንደሮችን በግዳጅ አስነሣ። እንዲያም ሆኖ እርሻና ግጦሽ እየሰፋ፣ ዋልያ እየተመናመነ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። ከዚያ ለመውጣት ግጦሹን መቀነስ፣ ለነዋሪዎቹም ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ግድ ሆነ።

የግጭ ሰው ኑሮው ገብስ፣ በግና በቅሎ ነበር። ገብሱ ሲያሸት ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ስለሚያወድመው ልጆች ጅራፍና ወንጭፍ ይዘው ማሳ ዳር ይውሉ ነበር። ቱሪስቱ ሊያየው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው እንስሳ ለገበሬው የሰብል ሌባ ነበር። የዚያኑ ቱሪስት ጓዝ የሚሸከመው ደግሞ የገበሬው በቅሎ ነበር፤ ኪራዩም ገብስ ላነሰበት ቤት ትልቅ ድጎማ ነበር። በቅሎ የሌለው ደሃ ግን ከፓርኩ የሚደርሰው ክልከላው ብቻ ነበር። በእኔ እይታ ስለ «ማኅበረሰቡ ተጠቃሚነት» ሲወራ በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው፤ ማኅበረሰብ አንድ ኪስ የለውም።

በዝውውሩ 418 አባወራዎች ተነሥተዋል። በአንድ ጀንበር የተፈጸመ አልነበረም፤ ለዓመታት ምክክር ተደርጎበታል፣ ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታም ተሰጥቷል። ይሁንና ካሳ የሚከፈለው ለቤትና ለንብረት ነው። ደጋ ላይ ገብስ ማብቀልና በግ ማርባት የሚያውቅ እጅ ከተማ ገብቶ ምን ይሥራ? ደጃፍ ላይ ይገኝ የነበረው ኩበት እንኳ ደባርቅ ላይ በገንዘብ ይገዛል።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዛሬ ግጭ የሚለው ስም በአብዛኛው የሚነሣው ተጓዦች ድንኳን የሚተክሉበትን ሰፈር ለመጥራት ነው።