ከቴሌግራም ስልክ ስንገዛ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የገባ ስልክ በቴሌግራም ቻናል መግዛት አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ነው። ዋጋው ከሱቅ ይቀንሳል። ሻጩም ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው እቃው ሲበላሽ ነው፤ ያኔ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አይገኝም። አንዳንድ የተሳሳቱ አባባሎች ደግሞ ይህንን ያስረሱናል።

«ፓክድ ነው፣ ስለዚህ አዲስ ነው»

ካርቶንም ላስቲክም እንደገና ይታሸጋል። ስልኩን ከፍታችሁ *#06# ደውሉ። የሚመጣው 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ የሞዴል ቁጥሩን የመጀመሪያ ፊደል እዩ። ኤም ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፣ ኤፍ ከሆነ ታድሶ የተሸጠ፣ ኤን ከሆነ ደግሞ በተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ። የታደሰ መግዛት ነውር የለውም፤ በአዲስ ዋጋ መግዛት ግን ያማል።

«በርቶ ከሠራ ችግር የለበትም»

ታናሽ እህቴን ያቃጠላት ይሄ ነው። ስልኩን ያመጣላት ልጅ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። «ቶሎ በይ፣ ሌላ ደንበኛ ይጠብቀኛል» አላት። ካሜራውን ሞከረች፣ ለእናታችን ደወለች፣ ብሩን ላከች። ሦስት ሳምንት ምንም አላለም። ከዚያ የስልኩ ሜሞሪ ሞላባትና ሪሴት አደረገችው፤ ማለትም ሁሉን አጥፍታ እንደ አዲስ አስጀመረችው። ሲነሳ ነጭ ስክሪን ላይ የማታውቀው የአሜሪካ ድርጅት ስም መጣ፤ ስልኩን የሚያስተዳድረው እሱ እንደሆነ ይገልጻል። ድርጅቱ ለሠራተኛው የሰጠው ስልክ ነበር። አንድ ሰው መቆጣጠሪያውን ለጊዜው አልፎታል፣ ሪሴቱ መለሰው። ጥገና ቤት ያለው ልጅ ገና ስክሪኑን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

የቀድሞው ባለቤት አይክላውድ (የአፕል አካውንቱ) ያልወጣለት አይፎንም እንዲሁ ነው፤ ሪሴት ሲደረግ የእሱን ፓስወርድ ይጠይቃል። ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ ሪሴት ያድርገው፣ እናንተ ከዜሮ ክፈቱት። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እምቢ ካለ ተዉት። አባውት ላይ ደግሞ ስልኩ ለአንድ ቴሌኮም ብቻ የተዘጋ መሆን አለመሆኑን እዩ።

«ኦሪጅናል ከሆነ ጋራንቲ አለው»

ጋራንቲ ብዙ ጊዜ ከተሸጠበት አገር ጋር የተያያዘ ነው። አፕል ራሱ የአይፎንን የጋራንቲ አገልግሎት በተሸጠበት አገር ሊወስን እንደሚችል ይናገራል። ሻጩ «የአንድ ዓመት ጋራንቲ» ሲላችሁ የማን ጋራንቲ እንደሆነ ጠይቁ። የራሱ ከሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

«የአሜሪካ እቃ ይሻላል»

እዚህ ያለው መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ በደቃቁ ተጽፏል። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ የፀጉር ማድረቂያ ግን በቀጥታ ከተሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይገባበታል፤ ይቃጠላል። የሶኬት መቀየሪያ ቮልት አይቀንስም። ለአሜሪካ ገበያ የወጣው አይፎን 14 ደግሞ (እ.ኤ.አ. 2022) የሲም ካርድ ማስገቢያ ጭራሽ የለውም፣ በኢ-ሲም (ካርድ በሌለው፣ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም) ብቻ ነው የሚሠራው።

«ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ይታመናል»

ተከታይ በገንዘብ ይገዛል። በዚህ አትመኑ።

«ደረሰኝ ዋጋ ከመጨመር ሌላ አይጠቅምም»

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት እቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ግን ከማን እንደገዛችሁ ማሳየት አለባችሁ። የቴሌግራም መልእክት በቂ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቴሌግራም ላይ ሻጩ መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላል። በየደረጃው ስክሪንሾት ያዙ።

እህቴ አልያዘችም። ስትጽፍለት ጠቅላላ ንግግራቸው ጠፍቶ አገኘችው። የቀራት የባንክ ማስተላለፊያው ብቻ ነበር፣ እሱም በማታውቀው ሰው ስም።