ከዲፖርት በኋላ ተመልሶ መግባት፦ የእስር ፍርድ ይግባኝ በአሜሪካ

ከአሜሪካ ዲፖርት የተደረገ ሰው ያለፈቃድ ተመልሶ ከተገኘ ጉዳዩ የኢሚግሬሽን ብቻ አይደለም። የፌደራል ወንጀል ነው። ሕጉ ከ1929 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ የአሁኑን መልክ የያዘው በ1952 ነው። የቅጣቱ ጣሪያ 2 ዓመት ነው። ከመባረሩ በፊት ከባድ ወንጀል ላለበት ግን 10፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይደርሳል።

ይግባኙ የሚጀምረው በአጭር ማስታወቂያ ነው። ፍርዱ ከተመዘገበ በ14 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት መግባት አለበት። እስረኛ ቀኑ ሳያልፍ ለእስር ቤቱ ፖስታ ካስረከበ፣ ደብዳቤው ዘግይቶ ቢደርስም ይቆጠርለታል። ለጠበቃ መክፈል የማይችል በነፃ ይቆምለታል። እነዚህ መንግሥት የሚከፍላቸው ተከላካይ ጠበቆች ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ጠንካራ ናቸው። ደንበኛው "ይግባኝ በልልኝ" ካላቸው ማስገባት ግዴታቸው ነው። የይግባኝ መብቱን ትቻለሁ ብሎ ፈርሞም ቢሆን ግዴታው እንደማይቀር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ወስኗል።

ይግባኝ ሰሚው ጉዳዩን ከሀ ብሎ አይጀምርም፤ ምስክርም አይሰማም። መዝገቡን ይመረምራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስህተት የቅጣት አወሳሰን መመሪያው፣ ማለትም ዳኛው የእስር ጊዜውን ሲወስን መነሻ የሚያደርገው የወራት እርከን፣ ስሌት ላይ ነው። ጥሩ ምሳሌው በ2018 የተወሰነው የቴክሳስ ጉዳይ ነው። ከቅጣቱ በፊት የተዘጋጀው ሪፖርት አንድን የቆየ ጥፋት ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ትክክለኛው እርከን ከ70 እስከ 87 ወር ነበር፤ ሪፖርቱ ከ77 እስከ 96 አደረገው። ሰውየው 78 ወር ተፈረደበት። በሥር ፍርድ ቤት ስህተቱን ማንም አላየውም፤ የታየው ይግባኝ ላይ ነው። ይግባኝ ሰሚው ስህተቱን አምኖ ሳያርመው ቀረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ እንዲህ ያለ ስህተት በመደበኛው መታረም አለበት አለ። አንዲት ቀን እንኳ ያለአግባብ መታሰር ቀላል ነገር አይደለምና ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

የመጀመሪያውን የዲፖርት ትዕዛዝ መቃወምም ይቻላል፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። በሕጉ የተቀመጡት ሦስት መስፈርቶች ሁሉ መሟላት እንዳለባቸው በ2021 ተወስኗል።

ሕጉ ራሱ በዘር ጥላቻ የወጣ ነው የሚል ክርክርም አለ። አንዲት የኔቫዳ ዳኛ በ2021 ተቀብለውት ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው በ2023 ሽሮታል።

ይግባኝ ማለት በራሱ ከእስር አያስፈታም። ክርክሩ ሳያልቅ የእስር ጊዜው የሚያልቅበት ሰው አለ፤ እንደገና ዲፖርት የሚደረግም አለ።