ባሕሩን ትተን አባታቸውን ስንጠቅስ፦ ስለ ሪፈረንስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለጆርናል የሚልኩትን ጽሑፍ «እስቲ አንዴ እየው» ብለው የሚያመጡልኝ ወዳጆች አሉ። ፋይሉን ስከፍት መጀመሪያ የምሄደው ወደ መጨረሻው ገጽ ነው፤ ወደ ሪፈረንሱ፣ ወደ ምንጮቹ ዝርዝር። የጸሐፊው ልፋት እዚያ ያስታውቃል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከስንፍና አይመጣም። ሲኒየሩ ለጁኒየሩ ሲያወርሰው የኖረ የተሳሳተ እምነት ነው። ደጋግሜ ያገኘኋቸውን ላንሳ።

«ደራሲ የሚጠቀሰው በመጨረሻ ስሙ ነው»

ለፈረንጅ፣ አዎ። የእኛ የመጨረሻ ስም ግን የአባት ስም ነው። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ እንዳሉት» ብሎ የጠቀሰ ሰው ቃሉን የሰጠው ለአባታቸው ነው። ወንድምና እህት ሁለቱም ተመራማሪ ቢሆኑ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ አንድ ሰው መስለው ቁጭ ይላሉ።

ጥምር ስም ሲመጣ ይብሳል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ውሰዱ። ሪፈረንስ የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ቆርጦ «ማርያም፣ መ. ወ.» ብሎ ያወጣዋል። የጂኦግራፊው ምሁር ቀርተው ማርያም የምትባል ደራሲ ተገኘች ማለት ነው። «ወልደ ማርያም» የአንድ ሰው ስም መሆኑን ማሽኑ ከየት ይወቀው?

እውነታው ይህ ነው። በኢትዮጵያ ጥናት ላይ የሚያተኩሩ ጆርናሎች በአብዛኛው ስማችንን አይገለብጡም። ሙሉውን ይጽፉና በራስ ስም ፊደል ተራ ያስቀምጡታል። ሌላ ዓይነት ጆርናል ከሆነ መመሪያውን ማንበብ ነው። መመሪያው ዝም ካለ ለኤዲተሩ አንድ መስመር ኢሜይል ይበቃል። ማስቸገር መስሏቸው የሚፈሩ አሉ። ኤዲተርን የሚያስመርረው ግን ጥያቄ ሳይሆን፣ አንዱ ገጽ ላይ «ባሕሩ»፣ ሌላው ላይ «ዘውዴ» እያለ የሚመጣ ጽሑፍ ነው። ውጭ አገር ኖረው የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው የሚያሳትሙም አሉ። እነሱን ራሳቸው በመረጡት መንገድ መጥቀስ ነው።

ዞቴሮ የሚባለውን ሪፈረንስ የሚያደራጅ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። የደራሲ ስም የሚሞላባቸው ሁለት ሳጥኖች አጠገብ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። ስትነኳት ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። ሙሉ ስሙን እዚያ ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ አይገለብጠውም። ይህችን ሳላውቅ በእጄ እየለቀምኩ ሳስተካክል ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለራሳችሁ ስም ደግሞ ኦርኪድ (ORCID) አውጡ። ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ነው፤ በነፃ ይገኛል። አንዱ ጆርናል ገልብጦ፣ ሌላው ሳይገለብጥ ቢያትማችሁ እንኳ ሥራዎቻችሁን አንድ ላይ ይሰበስብላችኋል።

«ዓመቱን እንዳለ መገልበጥ ነው»

ስለ ኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት የተጻፈ አንድ ረቂቅ አይቻለሁ። ጽሑፉን የገመገመው ሪቪወር ኅዳጉ ላይ በጨዋነት እንዲህ ብሎ ጠይቋል፦ በ1998 የተጀመረን ጦርነት የ1990 ጋዜጣ እንዴት ሊዘግበው ቻለ? ጋዜጣው የግንቦት 1990 ዓ.ም. ነበር። ልክ ነው፣ ጦርነቱ ያኔ ነው የጀመረው። ጸሐፊው ግን «ዓ.ም.» የሚለውን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ እንግሊዝኛ ዝርዝር ውስጥ ጨመረው። ሪቪወሩ ምን ያድርግ?

የእኛን ዓመት ወደ እነሱ ለመቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 እንደምራለን፤ ከዚያ በኋላ 8። መጽሐፉ ላይ ወሩ ከሌለ አንዱን መርጦ መገመት አያስፈልግም። 1998 ዓ.ም. የታተመው «2005/6» ተብሎ ይገባል። ብዙ ጆርናሎች ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥን ይቀበላሉ። እኔም የምመርጠው ይህንን ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሚፈልገው አንባቢ መጽሐፉ ላይ የሚያገኘው 1998ን ነውና።

ሕግ ላይ ነገሩ ይጣመማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ 1156/2019። አንድ አዋጅ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣው ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ታትመዋል። ሕገ መንግሥቱም እንዲሁ በአማርኛ 1/1987፣ በእንግሊዝኛ 1/1995 ነው። ሁለት አዋጅ መስሎት ሁለቱንም የዘረዘረ ሰው አጋጥሞኛል።

«ጎግል ስኮላር የሰጠኝን ኮፒ አደርጋለሁ»

መነሻ ይሆናል፣ መድረሻ ግን አይደለም። የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያው ስኮላር የሚሰጣችሁ ጥቅስ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) የለውም። አንዳንዴ ርዕሱን እንዳለ በትልልቅ ፊደላት ያመጣዋል፤ አንዳንዴ የሌላ እትም ዓመት ይለጥፍበታል። ከእኛ ስም ጋርማ ጨርሶ አይተዋወቁም። ዲኦአዩን ራሱ ጽሑፉ ላይ ታገኙታላችሁ፤ «10.» ብሎ የሚጀምረው ነው። ጫኑት፣ ይከፈት፣ የተከፈተው ያ ጽሑፍ መሆኑን እዩ።

«የኤፒኤና የቫንኩቨር ልዩነት ኮማና ነጥብ ነው»

አይደለም፤ ሁለቱም የሪፈረንስ አጻጻፍ ስታይሎች ናቸው፣ አሠራራቸው ግን ሌላ ነው። ቫንኩቨር ስሙን ያገኘው የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች በ1978 እ.ኤ.አ. ከተሰበሰቡባት የካናዳ ከተማ ነው። በቁጥር ይሠራል። ጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ የተጠቀሰው 1 ይሆናል፤ ገጽ 9 ላይ ተመልሶ ቢመጣም ያው 1 ነው። አንድ አንቀጽ ወደ ላይ ካነሣችሁ የሁሉም ቁጥር ይናወጣል። ስለዚህ በእጅ አትቁጠሩ፣ በፈጠራችሁ!

ኤፒኤ በስምና በዓመት ይሄዳል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው 7ኛው እትም፣ ደራሲዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዱን ስም ጠርታችሁ «እና ሌሎች» እንድትሉ ይፈቅዳል። ዝርዝሩ ላይ ግን እስከ 20 ደራሲ ድረስ ሁሉም ይጻፋል። ቫንኩቨር ላይ በአብዛኛው ስድስት ጽፎ «እና ሌሎች» ማለት ነው። የታተመበት ከተማም ከኤፒኤ ወጥቷል። «አዲስ አበባ፦» እያላችሁ የምትጽፉ፣ አድቫይዘራችሁ የተማሩበትን አሮጌ እትም እየተከተላችሁ ነው።

ደስ የሚል ዜናም አለ። ስታይሉ ፍጹም ካልሆነ ወዲያው ይመልሱታል የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላክ ወጥ የሆነ ማንኛውንም ስታይል የሚቀበሉ ጆርናሎች ብዙ ናቸው። ሳምንት ሙሉ ኮማ ከመልቀማችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ።

«በራሴ አባባል ስለጻፍኩት አይጠቀስም»

ይጠቀሳል። ሐሳቡ የሰው ነው።

«ሽማግሌ ሪፈረንስ አይሆንም»

ይሆናል፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። ማንም ሊያገኘው የማይችለው የቃል መረጃ በኤፒኤ ዋናው ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ጽሑፉ ውስጥ ብቻ ከነቀኑ ይጠቀሳል። የእኛ የታሪክ ተማሪዎች ለብቻው የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ያዘጋጃሉ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን። ጥሩ ልማድ ነው። ስም መውጣቱ ሰውየውን የሚጎዳ ከሆነ ግን ስሙ ይቅር።

«ቻትጂፒቲ ሪፈረንሱን ይጨርስልኛል»

ያላችሁን ዝርዝር ኮማውንና ነጥቡን ሊያስተካክል ይችላል። «ምንጭ ፈልግልኝ» ካላችሁት ግን ርዕሱ የሚያምር፣ ጆርናሉ የሚታወቅ፣ ጽሑፉ ግን የትም የሌለ ነገር ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ እንዲህ የተፈጠሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጠቅሰው ያቀረቡ ጠበቆች 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እነሱ እንኳ ሕግ የተማሩ ነበሩ።

እኔ የምፈትሸው በወረቀት ነው። ዝርዝሩን አትሜ እርሳስ እይዛለሁ። ጽሑፉን ከላይ ጀምሬ ሳነብ የተጠቀሰ ስም ባገኘሁ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሲያልቅ ምልክት ያልተደረገባቸው ሁለት ሦስት አይጠፉም፤ ከቆየ ረቂቅ የተረፉ ናቸው። ይሰረዛሉ። ጽሑፉ ውስጥ ተጠርተው ዝርዝሩ ላይ የሌሉት ደግሞ ይብሳሉ፤ ለእነሱ ጸሐፊው ጋ እደውላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ኧረ እሱን የት ነበር ያነበብኩት?» ነው።