ተጣብቆ የቀረ ሙጫን ስለ ማስለቀቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የአዲስ ዕቃ ላስቲክ ካልተነሣ ዕቃው አዲስ እንደሆነ ይቆያል።» ከካዛንቺስ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ብዙ ቤቶች የአሉሚኒየም መስኮቱም ፍሪጁም ከፋብሪካ የመጣበትን ስስ ላስቲክ ለብሶ ዓመታት ያስቆጥራል። ላስቲኩ የተለጠፈው ግን ዕቃው በጉዞና በገጠማ ወቅት እንዳይጫር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ላስቲክ እየተሰባበረ፣ ሙጫውም እየደረቀ ይሄድና በመጨረሻ ላስቲኩ ሲነሣ ሙጫው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የቤቱ ቀለም ተቀብቶ እንዳለቀ ላስቲኩን ማንሣት ይገባል።

«ሙቅ ውሃና ሳሙና ሁሉንም ያስለቅቃል።» በስታርች ማጣበቂያ ለተለጠፈ የጠርሙስ ወረቀት ይህ እውነት ነው። የአብዛኛው የዋጋ ስቲከርና የፕላስተር ሙጫ ግን ከጎማ ወይም አክሪሊክ ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራ በመሆኑ ውሃ አያሟሟውም። ጎማ ያለበትን ሙጫ የምግብ ዘይት ያለሰልሰዋል፦ ዘይት የነካ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፎ መጥረግ፣ ከዚያም ቅባቱን በሳሙና ማጠብ ነው። አክሪሊኩን ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይበልጥ ያላቅቀዋል። እብነ በረድና ቫርኒሽ ያልተቀባ እንጨት ዘይት ስለሚመጥጡና ስለሚበላሹ፣ በእነርሱ ላይ ዘይት ማሳረፍ አይገባም።

«ቤንዚን የማያስለቅቀው ነገር የለም።» ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንኳ እሳት የመያዝ ባሕርይ አለው፤ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ለወለል እየተሳበ፣ ቡና ሊፈላበት የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ምድጃና ቤንዚን አብረው በሚውሉበት ቤት፣ ለአንዲት ስቲከር ሲባል የሕፃናትን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። በአንዳንድ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው አሴቶንም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ መስኮት ተከፍቶና እሳት ጠፍቶ በመስታወትና በሴራሚክ ላይ በጥቂቱ ቢሠራ ውጤታማ ነው፣ የደረቀ ሱፐር ግሉንም ያሟሟል፤ የቴሌቪዥን ፕላስቲክንና ቫርኒሽን ግን ይበላል።

«በረኪና ያነጻዋል።» በረኪና ጀርም ይገድላል፣ ያነጣል፤ ሙጫ አያሟሟም። ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ከአልኮልም ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም።

«በሽቦ አጥብቆ መፈግፈግ ነው።» ሽቦ የማይዝግ ብረትን ይጭራል፣ ጭረቱም አይጠፋም። በፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሙቆ በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ መግፋት ይሻላል። ምላጭ የሚፈቀደው በሳሙና ውሃ በራሰ፣ ፊልም ባልተለጠፈበት መስታወት ላይ፣ እጅግ ዘንበል ተደርጎ ሲያዝ ብቻ ነው። አልኮልም ሆነ አሴቶን ደግሞ አስቀድሞ በማይታይ የዕቃው ጥግ ላይ መሞከር አለበት።